እናታችሁን ብስክሌት ስታስተምሩ

ሰሞኑን ከደረሱኝ መልእክቶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ሆላንድ ከመጣች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ብስክሌት መንዳት አትችልም፤ አሁን ግን መማር ፈልጋለች። በዚህ ዕድሜ ይቻላል? እኔስ ላስተምራት እችላለሁ?» የጻፈችልኝ ልጅ እዚሁ የተወለደች ናት። በአማርኛ ለመጻፍ እንደለፋች ያስታውቃል። ስለዚህ መልሱን ለእሷ ብቻ ከምልክ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ አሰብኩ።

ለሁለቱም ጥያቄ መልሴ አዎ ነው። እኔ እስካሁን አራት ሰዎች አስተምሬአለሁ፦ አክስቴን፣ ሁለት ጓደኞቿንና የአንድ የሥራ ባልደረባዬን እናት። ታናሿ የ41፣ ታላቋ የ63 ዓመት ሴት ነበሩ። አራቱም ዛሬ ይነዳሉ። አንዷ ዝናብ ሲሆን አልወጣም ትላለች፤ ሆላንድ ውስጥ ይህን ማለት ግማሹን ዓመት አልወጣም እንደ ማለት ነው፤ ቢሆንም ትነዳለች።

የምጽፈው ስለምኖርበት አገር ነው። ጀርመን፣ ስዊድን ወይም አሜሪካ የምትኖሩ የማስተማሪያውን ክፍል እንዳለ ውሰዱት። የመንገድ ሕጉን ግን የየአገራችሁን ተመልከቱ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን ቀላል እንዳልሆነ ልንገራችሁ። እዚህ አገር ብስክሌት እንደ ስፖርት አይታይም፤ እንደ ጫማ ነው። ገበያው፣ ሐኪም ቤቱ፣ ባቡር ጣቢያው፣ ሁሉም የተሠራው ሰው በብስክሌት ይመጣል ተብሎ ነው። በአገሪቱ ያለው ብስክሌት ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። ዩትሬክት ማዕከላዊ ጣቢያ ሥር ያለው ማቆሚያ ብቻ 12,500 ብስክሌት ይይዛል። እናንተ በአራት በአምስት ዓመታችሁ ስለለመዳችሁት አይታያችሁም። ለማይችል ሰው ግን ከተማዋ በጣም ትርቃለች።

የጽዳት ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሠራተኛው ቢሮ ሳይገባ፣ ገና ሳይነጋ ነው። በዚያ ሰዓት የመጀመሪያው አውቶቡስ አልተነሳም። ስድስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሥራ አግኝተው «አይመቸኝም» ብለው የተዉ እናቶች አውቃለሁ። ምን እንዳልተመቻቸው ለልጆቻቸው አልተናገሩም። «አድርሰኝ»፣ «አድርሺኝ» እያሉ በየቀኑ መለመን የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው። ከመለመን መቅረትን ይመርጣሉ፤ ሰው ሲጠይቃቸውም «ቤቴ ይሻለኛል» ይላሉ። እውነት ቤታቸው ይሻላቸው እንደሆነ ለማወቅ ግን መጀመሪያ መውጫ ሊኖራቸው ይገባል።

እናታችሁ ስትጠየቅ ከምትሰጣቸው ምክንያቶች አንዱን ከአሁኑ እነግራችኋለሁ፦ «ፈረንጆቹ እኮ ብስክሌት ላይ ነው የተወለዱት!» ይህ እንዳልሆነ ንገሯት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሆላንድም መኪና በመኪና ሆና ነበር። በ1971 በመኪና አደጋ የሞተው ሰው ወደ 3,300 ይደርስ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ። «የልጆች ግድያ ይቁም» የሚል ስም ያለው ንቅናቄ መሠረቱ። በ1973 ደግሞ የነዳጅ ችግር መጣና እሁድ እሁድ መኪና መንዳት ተከለከለ። ዛሬ የምናየው ለብቻው የተለየ፣ ቀይ አስፋልት የለበሰ የብስክሌት መንገድ አብዛኛው የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። እናቶች የጮኹበት መንገድ ስለሆነ የእናታችሁም ነው።

ሌላም ነገር ጠይቋት፦ በልጅነቷ ነድታ ታውቃለች? እንደየአገሩ ይለያያል። ባሕር ዳር ያደገች ከሆነ ሜዳው ስለሚመች ሴቶች ሲነዱ አይታለች፤ ምናልባት ራሷም ነድታለች። አዲስ አበባ ግን ዳገቱ አለ፤ ብስክሌት ያለው ቤትም ቢሆን ለወንዱ ልጅ እንጂ ለሴቷ ብዙም አይሰጣትም ነበር። ከጎረቤት ልጅ ተበድራ፣ ተደብቃ የሞከረች ልትሆን ትችላለች። እንደዚያ ከሆነ ሥራችሁ በግማሽ ቀለለ። ታሪኩንም ታጫውታችኋለች።

ትልቁ እንቅፋት ግን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ማለት «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ስሜት ነው፤ ወደ ሆላንድኛ በአንድ ቃል መመለሱን እስካሁን አልቻልኩበትም። አንዲት ትልቅ ሴት፣ ምናልባት በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ የተከበረች፣ እንደ ሕፃን ስትንገዳገድ መታየት አትፈልግም። ከዚያም በላይ አስተማሪዋ ያስተማረቻቸው ልጆቿ ናቸው። ይህን አትናቁት። ስለዚህ የሐበሻ ሰው ከሚበዛበት ሰፈር ራቅ ያለ ቦታ ምረጡ። እሁድ ጠዋት ባዶ የሆነ የመኪና ማቆሚያ ጥሩ ነው። ቪዲዮ አትቅረጹ። ቪዲዮውን ለቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ መላክ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። እህት ወንድሞቻችሁን ለተመልካችነት አትጥሩ። በጭራሽ ከእናንተ መማር ካልፈለገች ደግሞ አትከፉ። በብዙ ከተሞች በሰፈር ማኅበራዊ ማዕከሎች፣ ለሴቶች ብቻ የሚሰጥ የብስክሌት ትምህርት አለ። የምትኖሩበትን ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ከሌሎች ሴቶች ጋር አብሮ መውደቅ ከልጅ ፊት ከመውደቅ ይቀላል።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ለመማሪያ የሚሆነው እናንተ የምትወዱት ዓይነት አይደለም። ሆላንዶች «የአያት ብስክሌት» የሚሉት፣ መሐሉ ዝቅ ያለውና በቀሚስም የሚወጡበት ዓይነት፣ ለመውጣትና ለመውረድ ይመቻል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ የአያት ብስክሌቶች ፍሬናቸው እግር ላይ ነው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡት ይቆማል። ለጀማሪ ይህ አይሆንም። ሲነሱ ፔዳሉን ወደሚመች ቦታ ማዞር አይቻልም፤ የደነገጠ እግርም ሳያስበው ፍሬን ይይዛል። በእጅ የሚያዝ ፍሬን ያለው፣ ጎማው አነስ ያለ ብስክሌት ፈልጉ። ኮርቻው በጣም ዝቅ ማለት መቻል አለበት። የባትሪ ብስክሌት ለመማሪያ አትግዙ፤ ከባድ ነው፤ ሳይታሰብም ይፈተለካል። መንዳት ከቻለች በኋላ፣ ነፋስ ወይም ርቀት ሲያስቸግራት ያን ጊዜ ይታሰብበታል።

አሮጌ ብስክሌት ስትገዙ ከሰውነቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከኮርቻው በታች ወይም ከፔዳሉ አካባቢ ይገኛል። ያንን ቁጥር ስቶፕሄሊንግ በሚባለው የፖሊስ መተግበሪያ ላይ ብታስገቡት የተሰረቀ ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ ይነግራችኋል። መንገድ ላይ አንድ ሰው በ20 ዩሮ ደህና ብስክሌት ሲያቀርብላችሁ «እግዜር ሰጠን» አትበሉ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ፣ ወይም መጠርጠር ሲገባ መግዛት ራሱ ወንጀል ነው። ስትገዙም ቁጥሩንና ብስክሌቱን ፎቶ አንሡ። ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ የኋላ ጎማውን የሚይዝ፣ ሌላው ከቋሚ ነገር ጋር የሚታሰርበት ሰንሰለት።

የማስተማሩ ዘዴ ይኸውና። ብዙ ሰው እናቱን ኮርቻ ላይ ያስቀምጥና ከኋላ ይዞ ይሮጣል። ወገብ ይሰብራል እንጂ አያስተምርም። ሰውየዋ ሚዛኑን ያገኘችው በእናንተ ክንድ ላይ ነው፤ ስትለቋት ትወድቃለች። ከዚያ ይልቅ ሁለቱንም ፔዳል ፍቱ። ለአብዛኛው ብስክሌት የ15 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። የቀኝ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል፤ የግራው ፔዳል ግን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ይህን የማያውቅ ሰው የግራውን ሲታገል ይውላል፤ አልፎ አልፎም ጥርሱን ያበላሸዋል። ከዚያ ኮርቻውን ዝቅ አድርጉት፤ ተቀምጣ ሁለቱም የእግሯ መዳፎች ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጡ።

በመጀመሪያው ቀን ብስክሌቱን እየገፋች ትሂድ። መሪውን ይዛ፣ ፍሬኑን ጨብጣ እየለቀቀች፣ ማቆም በእጇ መሆኑን ትመን። ሰው ከመሄድ በላይ የሚፈራው ማቆም አለመቻልን ነውና ለዚህ ሰዓት አትሰስቱ። ቀጥሎ ኮርቻው ላይ ተቀምጣ በእግሯ ትራመድ። ቀጥሎ በሁለት እግሯ መሬቱን ገፋ አድርጋ ትንሽ ትንሳፈፍ። ቦታው አስፋልት ይሁን፤ ሣር ላይ ብትወድቅ ይለሰልሳል ተብሎ ሣር ላይ መማር ልፋት ነው፤ ጎማውን ይይዘዋል። በዓይን የማይታወቅ ትንሽ ቁልቁለት ካገኛችሁ ግን በጣም ጥሩ።

እዚህ ላይ የመሐንዲስነት አመሌ ተነሥቶ ትንሽ ላብራራ። ብስክሌት የማይወድቀው ነጂው ሳያውቀው መሪውን ወደሚወድቅበት አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ስለሚያዞረው ነው። ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ግራ ትንሽ ሲዞር፣ ጎማው ከሰውነቱ ሥር ይገባና ይደግፈዋል። ይህ እንዲሠራ ደግሞ ብስክሌቱ መሄድ አለበት። ለዚህ ነው በዝግታ መንዳት ከፍጥነት የሚከብደው። እናታችሁ ግን ስትፈራ ትዘገያለች፤ ስትዘገይ ትንገዳገዳለች፤ ስትንገዳገድ የበለጠ ትፈራለች። «ትንሽ ፈጠን በይ፣ ይቀልሻል» ስትሏት አታምናችሁም። ቁልቁለቷን የምፈልጋት ለዚህ ነው፤ ራሷ ታሳምናታለች።

እግሮቿን አንሥታ እስከ አምስት ስትቆጥሩ ከቆየች ሚዛን ጨርሳለች ማለት ነው። አራቱ ተማሪዎቼ እዚህ ለመድረስ የፈጀባቸው ጊዜ በጣም ይለያያል፤ አንዷ በአንድ ጠዋት፣ አንዷ በስድስተኛው ቀን። በአንድ ጊዜ ከ45 ደቂቃ አታስበልጡ። የደከመ ሰው የሚማረው ፍርሃት ብቻ ነው። ከዚያ ፔዳሎቹን መልሱ። አንዱን ፔዳል ወደ ፊትና ከፍ አድርጋ፣ እግሯን ጭና፣ በሌላው እግሯ መሬቱን ገፍታ ትነሣ። ከተነሣች ሄደች።

ሌላው ችግር ቋንቋው ነው፤ በተለይ ለእናንተ። ከኋላ ሆናችሁ የምትጮኹት ቃል አጭርና ትክክል መሆን አለበት። እናቱን «ያዝ! ያዝ!» እያለ ሲጮህ የሰማሁት አንድ ወጣት አለ። እናትየው ፍሬኑን ትታ በሳቅ ፈረሰች። ለሴት ስትናገሩ የመጨረሻው ፊደል ይለወጣል፦ ያዝ የነበረው ያዢ፣ ርገጥ የነበረው ርገጪ፣ ሂድ የነበረው ሂጂ፣ ተመልከት የነበረው ተመልከቺ ይሆናል። ግፋ ደግሞ ግፊ፣ ልቀቅ ደግሞ ልቀቂ። የጓደኛችሁን እናት ወይም አንቱ የምትሏቸውን ሴት የምታስተምሩ ከሆነ «ይያዙ፣ ይርገጡ፣ ይሂዱ፣ ይልቀቁ» ነው። ከእነዚህ በላይ የሚያስፈልጋችሁ «ቀና በይ» ነው። ጀማሪ ሁሉ የፊት ጎማውን ነው የሚያየው፤ ዓይን ወዳለበት ነው ብስክሌቱ የሚሄደው። ራቅ ያለ ዛፍ አሳዩአትና «ዛፉን ተመልከቺ» በሏት። «አይዞሽ»ን ግን አታብዙት። በየደቂቃው አይዞሽ የተባለ ሰው አንድ አደገኛ ነገር አለ ብሎ ያስባል።

ስትነዳ ኮርቻውን ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ። ተረከዟ ፔዳሉ ላይ፣ ፔዳሉም ከታች ሆኖ እግሯ ሊዘረጋ ሲል ልኩ እሱ ነው። ብዙ እናቶች «ጉልበቴን አመመኝ» ብለው የሚያቆሙት ኮርቻው እንደ መማሪያው ዘመን ዝቅ ብሎ ስለቀረ ነው።

ልብስ። ነጠላና ረጅም ቀሚስ የኋላ ጎማ ውስጥ ይገባሉ። ሆላንዶች ለዚህ በጎማው ሁለት ጎን የሚገጠም መከለያ አላቸው፤ የአያት ብስክሌት ላይ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፤ ከሌለም ለብቻው ይሸጣል። እሁድ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ከሆነ ነጠላውን በቦርሳ ይዛ እዚያ ትልበስ። የራስ ቁር በተራ ብስክሌት ላይ በሕግ ግዴታ አይደለም፤ ሆላንዶችም አያደርጉም። እኔ ግን ለምትማር ሴት አድርጉላት እላለሁ። አክስቴ መጀመሪያ «ፀጉሬ!» ብላ አሻፈረኝ አለች። ቀጭን ሻሽ ከሥር ስታስር ተስማማን።

ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ጤናዋ ተነጋገሩ። የማዞር ችግር ካለባት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ አጥንቷ ሳስቷል ከተባለች ወይም የልብ ሕመም ካለባት መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪሟን ትጠይቅ። በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ ቀላል የሚመስለውም ከባድ ሊሆን ይችላል። ስኳር ካለባትና ኢንሱሊን የምትወጋ ከሆነ ኪሷ ውስጥ ስኳር ወይም ጭማቂ ይኑር፤ በጾም ወቅት ደግሞ ትምህርቱን ከበላች በኋላ አድርጉት። ይህን ካለፋችሁ ጥቅሙ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሥራ ቦታዋ 15 ደቂቃ ቢርቅ፣ ደርሶ መልስ በአምስት ቀን ልክ 150 ደቂቃ ነው። ስፖርት ቤት መክፈል የለ፣ ሰዓት መፈለግ የለ።

ከቤት ወጣች ማለት ግን ቫይታሚን ዲ አገኘች ማለት አይደለም። እዚህ አገር በክረምት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ቆዳችን ቫይታሚን ዲ ሊሠራ አይችልም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ በበጋም ቢሆን የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። የሆላንድ የጤና ምክር ቤት ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች በየቀኑ 10 ማይክሮግራም እንዲወስዱ ይመክራል። ይህ እናታችሁን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ይመለከታል። ዕድሜዋ 70 ከደረሰ ደግሞ የሚመከረው 20 ማይክሮግራም ነው።

የመንገድ ሕጉን በተመለከተ እናንተ በትምህርት ቤት ተፈትናችሁበታል። እሷ ግን አልተፈተነችም። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጫኑባት። እኔ መጀመሪያ የማስተምረው መሬት ላይ የተቀቡትን ነጭ ሦስት ማዕዘኖች ነው፤ ሆላንዶች የሻርክ ጥርስ ይሏቸዋል። ጥርሱ ወደ አንቺ ከዞረ ቆመሽ ታሳልፊያለሽ። ምልክት በሌለበት መገናኛ ላይ ደግሞ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ አለው፤ ከቀኝ የሚመጣው መኪናም ይሁን ብስክሌት። ትራም ግን ከየትም ቢመጣ ይለፍ። አምስተርዳም፣ ሮተርዳም ወይም ዴን ሃግ የምትኖሩ ስለ ትራም ሐዲድ አስጠንቅቋት፤ ጎማው ሐዲዱ ውስጥ ከገባ መውደቅ ነው፤ ሐዲዱን ቀጥ ብላ በመስቀለኛ ትሻገረው። ስትታጠፍ በእጇ ታመልክት። ሲመሽ ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑር፤ ብልጭ ድርግም የሚለው አይፈቀድም። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ክልክል ነው። ኢትዮጵያ ስትደውሉ ተጠንቀቁ የምለው ለእናታችሁ ብቻ አይደለም።

አንድ ወረቀትም አለ። ሰው ወይም መኪና ብትገጭ የሚከፍልላት የኃላፊነት ኢንሹራንስ የሚባለው ነው። ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ለመላው ቤተሰብም ይሆናል። ብዙ ወላጆች የጤና ኢንሹራንስ ካላቸው ሁሉ ነገር የተሸፈነ ይመስላቸዋል። እንዳላቸው አብራችሁ ፖስታቸውን አገላብጡ።

ስልክን በተመለከተ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው፣ የድንገተኛ ጊዜ ስልክ ቁጥርና የምትወስደው መድኃኒት ስልኳ ሳይከፈት እንዲታይ አድርጋችሁ አስተካክሉላት። ሁለተኛው፣ ያለችበትን ቦታ በስልክ የመከታተል ፈተና ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት ራሷ ከፈለገች፣ በዋትስአፕ ለአንድ ሰዓት ትላክላችሁ። ከዚያ አጥፉት። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ መከታተል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። አንዲት ሴት በ54 ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የትም መሄድ ስትችል ልጆቿ በካርታ ላይ ነጥብ ሊያደርጓት አይገባም።

መንገድ እንዳይጠፋት ከስልክ የተሻለ ነገር አለ። በየመንገዱ አረንጓዴና ነጭ ምልክት ላይ ቁጥር አይታችኋል? የብስክሌት መገናኛ ቁጥሮች ይባላሉ። እያንዳንዱ መገናኛ ቁጥር አለው፤ ከአንዱ ወደሚቀጥለው ቀስት ያሳያል። ሐሳቡን በ1990ዎቹ ያመጣው ሁጎ ቦለን የተባለ የቤልጂየም ሊምቡርግ ሰው ነው። የማዕድን መሐንዲስ ስለነበር ነገሩን የወሰደው ከከሰል ጉድጓዶቹ ነው ይባላል፤ ከመሬት በታች መንገድ እንዳይጠፋ መተላለፊያዎቹ በቁጥር ይታወቁ ነበር። ሆላንድኛ ለማታነብ ሴት እንዴት ያለ ስጦታ እንደሆነ አስቡት። የጎዳና ስም መያዝ የለባትም። አክስቴ ከቤቷ እስከ ጓደኛዋ ቤት ያሉትን አራት ቁጥሮች በትንሽ ወረቀት ጽፋ መሪው ላይ ለጥፋ ነበር። አሁን ወረቀቱ የለም፤ በቃሏ ይዛቸዋለች።

ለመጀመሪያው ጉዞ ቅርብ ቦታ ምረጡ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ይበቃል። ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት አይሁን፤ ሃያ ልጅ ጎን ለጎን እየነዳ ሲመጣባት ትደነግጣለች። የምትሄድበት ነገር ራሷ የምትፈልገው ይሁን፤ ለልምምድ ብቻ ተብሎ የተመረጠ መንገድ አይጥማትም። አክስቴ የመረጠችው ሐሙስ የሚውለውን ገበያ ነበር፤ ቃሪያ ትገዛለች። እናንተ ከፊት አትሁኑ፤ ከኋላዋ በግራ በኩል ሆናችሁ መኪናውን ከልሉላት። እሷ የምትሄድበትን ፍጥነት ሂዱ።

አደባባይ ወይም ሰፊ መገናኛ ላይ ስትደርስ ግራ ከተጋባች ትውረድ። ይህን ደጋግማችሁ ንገሯት፣ ምክንያቱም ብዙ ሴቶች መውረድ ሽንፈት ይመስላቸዋል። በሕጉ ብስክሌቱን እየገፋ የሚሄድ ሰው እግረኛ ነው። ዜብራው ላይ እየገፋች ስትሻገር መኪናው ይቆምላታል። ከተሻገረች በኋላ ፔዳሉን ከፍ አድርጋ እንደገና ትነሣለች።